የሬዲዮ ጥርስ

ምላሷ ጤፍ ይቆላል የሚባልላት ሽንኩርት ነጋዴ በገበያው «ሬዲዮ» ነው ስሟ። ጠዋት መደቧን ዘርግታ ከጀመረች እስከ ማታ ማን ያስቆማታል! ተሳድባ ትሸጣለች፣ መርቃ ትመርቃለች። ዕድሜ ልኳን «አፍሽን ዝጊ» ሲሏት የኖረች ሴት ታዲያ፣ «ይክፈቱ» ያለቻት የጥርስ ሐኪም ፊት ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

ጉንጯ ሙሉ ሎሚ የጎረሰ መስሏል። ቅርንፉድ ነከሰች፣ በጨው ተጉመጠመጠች፣ ጥርሱን ሰደበችው፤ እሱ ወይ ፍንክች! አሁን ትኩሳት ጀምሯታል፤ ካልተነቀለ መግሉ ወደ ደሟ ሊገባ ነው። ገበያተኛው «መርፌ ፈርታ ነው» ብሎ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች።

መርፌ አልነበረም። ልጅ ሳለች ቤታቸው ይመላለስ የነበረ የአባቷ ወዳጅ አፏን አፍኖ ደፍሯታል። ተው ብላዋለች፤ አልተወም። እናቷ ስትሰማ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት። ሬዲዮም የማታወራው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ተጋድማ ሰው ከላይዋ ሲያጎነብስ ግን ትንፋሿ ያጥራል።

እዚህም ያመጣቻት ታናሽ እህቷ ናት፣ «እታለም፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!» እያለች፣ እየጎተተች።

ወጣቷ ሐኪም አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ምን እንደሚያስፈራዎት መንገር የለብዎትም፣ እናቴ። መጋደም የሚያቅታቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ከየአገሩ ወደ እኔ ይመጣሉ። እንደተቀመጡ እሠራዋለሁ፣ በሩም ክፍት ይሁን። እጅዎን ካነሱ ወዲያው አቆማለሁ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

ሬዲዮ ከፈተች። የሐኪሟ ትንሽ መስታወት ገና ከንፈሯን ሲነካ እጇን አነሳች። ሐኪሟ አቆመች። እንደገና ከፈተች፤ እንደገና አነሳች፤ ሐኪሟም እንደገና አቆመች። ማደንዘዣው ሊሰጣት ሲል አነሳች፣ ከደነዘዘችም በኋላ አነሳች። ጉጠቱ ጥርሱን ሲይዝማ ባሰባት። ሐኪሟ አንዴም «ኤጭ» አላለችም።

በመጨረሻ ጥርሱ ወጣ። እህቷ በር ላይ ቆማ ትዕግሥቷ አልቋል።

«ኧረ እታለም፣ የሰው ሰው እንዲህ ታደክሚያለሽ? ያን ያህል አሞሽ ነው?»

ሬዲዮ ባበጠው ጉንጯ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«ምንም አላመመኝ። ባነሳሁ ቁጥር ስትቆምልኝ ደስ ብሎኝ ነው።»