ጡቷ ታሞ ጣቷ የጮኸ ጊዜ

በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ እህል ስነግድ ቁና የምትሰፍርልኝ ሚስቴ ነበረች። አንድ ዓመት ጣቶቿ አብጠው ጠዋት ጠዋት ቁናውን መያዝ አቃታት። በእኛ በፎገራ ቁርጥማትን ማንም ጉዳዬ አይለውም። ክረምቱን ውኃ በተኛበት ጭቃ የከረመ ሰው ጉልበቱን ወይ ጣቱን ይገብራል።

ቀበሌ ስብሰባ ላይ «ግራ እጅ ወደ ላይ!» ሲባል የእሷ መዳፍ አልጨበጥ አለ።

«ጓድ፣ ማንን ነው የምትሰናበቺው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ጣቴ ነው እንጂ ልቤስ ጨብጧል።»

ሰዉ ሳቀ፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ደግነቱ በማግስቱ ሊቀ መንበሩ ራሱ የይለፍ ወረቀት ጻፈልንና ከሐሙሲት ወረድ ብሎ ወዳለው ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሄድን።

እዚያ ሴቱ ለብቻ፣ ወንዱ ለብቻ ነው የሚነከረው። አንድ ጠዋት ከእሷ ጋር የሚገቡ እማሆይ ወጥተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሚስትህ ለጣቷ ነው የመጣችው?»

«አዎ እማሆይ።»

«ጡቷስ?»

«ጡቷ ምን ሆነ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ባሏ አንተ ነህ።»

ብጠይቃት «የመጨረሻውን ልጅ ጡት ካስጣልኩት ጀምሮ ያለ እብጠት ነው፤ የረጋ ወተት ይሆናል። አያመኝም» አለች። እኔ ጆንያ ወግቼ ውስጡን ሳላይ እህል የማልገዛው ሰውዬ፣ ያላመማትን ትቼ ያመማትን ሳሽ ከርሜያለሁ።

ከዚያው ጎንደር ወሰድኳት። ያገኘነው ሐኪም ጡቷንም ጣቷንም አየ። «ነቀርሳ ነው። ጣቷንም የሚያማት ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል» አለኝ።

«ጌታው፣ ጡትና ጣት ምን አገናኛቸው?»

«ነቀርሳው ጣቷ ላይ አልደረሰም። ሰውነቷ ከእሱ ጋር ሲታገል መገጣጠሚያዋ ይቆጣል፤ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል። የጡቷ እብጠት ሲወጣ የጣቷ ሕመም ሊተዋት ይችላል።»

«ይችላል» የሚል ደላላ አላምንም። ሌላ ገበያ ግን አልነበረም፤ እሺ አልን።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ቁስሉ እየጠገገ ሲሄድ የጣቷም እብጠት በየጠዋቱ ይጎድል ጀመር። ሐኪሙ ለምርመራ እየተመላለስን እንድንታይ አዞ ለቀቀን።

ስንመለስ አውቶቡሱ ይፋግ ቆመ። ወርዳ የሽምብራ እሸት ገዛችና እየፈለፈለች መዳፌ ላይ ታስቀምጥልኝ ጀመር። እኔ ዓይኔን ከጣቶቿ መንቀል አልቻልኩም።

«ምነው አትበላም?»

«እያየሁ ነው።»

«እኔ ልፈልፍል፣ አንተ ልታይ? ብላ እንጂ።»

በላሁ።