እንቅልፍ አጣሁ ማለት ግማሽ ሪፖርት ነው

ወታደር ድንጋይ ተንተርሶ ይተኛል ይባላል። ውሸት ነው። በድንበሩ ጦርነት ስም የለሽ ኮረብታ ይዘን ነበር። ጎህ ሲቀድ መድፍ ይጀምራል። ረፋድ ላይ የጠላት እግረኛ መጣ። መለስነው። እንደገና መጣ፤ እንደገና መለስነው። እዚያ የተኛ ሰው አላየሁም።

የጓድ መሪያችን አስር አለቃ ጌታሁን ጠዋት ጠዋት ምሽጉን እየዞረ እንቅልፍ እንዴት ነው ይለናል። ፈራህ ወይ ቢል ማንም አይመልስለትም፤ እንቅልፍ አጣሁ ማለት ግን አያሳፍርም። አጣሁ ያለውን ገለል አድርጎ የቀረውን ያወጣጣዋል። ከዚያ ከጥበቃ ያነሳውና ከወዳጁ ጋር ውሃ ቅዳ ብሎ ይልከዋል። ምክንያቱን ለማንም አይናገርም። የሥነ ልቦና መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ የእሱን ያህል ያሳመነኝ የለም።

ኋላ ዲቪ ሦስታችንን ላስ ቬጋስ ጣለን፤ ጌታሁንን ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ ያለ መጋዘን፣ የምሽግ ጓደኛችንን ሙላቱን ካዚኖ ወጥ ቤት፣ እኔን ታክሲ ላይ። በፈረንጆች 2020 በኮሮና ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ሙላቱ እንቅልፍ አጣሁ አለ። እንቅልፍ ማጣት ሸቀጥ በሆነበት ከተማ ማን ይሰማዋል? የሌሊት ሺፍት ለምዶ ነው ተባለ። የቸርቹ ሰዎች ጸለዩለት። ሐኪም በስልክ ክኒን አዘዘለት።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ቻይናታውን፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ማስክ አድርገን ተራርቀን ቆመናል።

«የሌሊቱን ሰማሁ» አለው ጌታሁን። «ቀን ቀንስ ምን ይልሃል?»

ሙላቱ መለሰ፦ «አንዴ ተኝቼ ባልነሳ ይለኛል።»

ጌታሁን አልደነገጠም። መኪናህን እዚሁ ተዋት ብሎ በራሱ መኪና ሜዲካል ዲስትሪክት ወዳለው ሆስፒታል ወሰደን። በኮሮናው ምክንያት አብሮ መግባት ክልክል ነው። ሙላቱ ብቻውን ከገባ ስለ እንቅልፍ ብቻ አውርቶ፣ ሌላ ክኒን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ጌታሁን መንገዱን ሙሉ እንደ ቃፊር ሪፖርት አስጠናው።

«ግማሽ ሪፖርት ጓድ ያስጨርሳል። ለእኔ ያልከውንም ለዶክተሯ ትነግራታለህ።»

«ዶክተሯ ጄኔራል ናት እንዴ?»

«ዛሬ ናት። ድገም።»

ደገመ። ገብቶም ሁሉንም ተናገረ፤ እዚያው አስተኙት። ድባቴ ነበር፤ እንቅልፍ ማጣቱ የዚያው ሕመም አንድ ፊት። በዓመቱ ካዚኖዎቹ ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ ወደ ምድጃው ተመለሰ። ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳው ጊዜ አለ፤ ግን ይናገራል።

ሺፍትም እንቅልፍ ይነሳል፣ አልክድም። ሆኖም ከጓዱ ልጆች አራቱን ኮረብታው ላይ ቀበርን። አምስተኛው ከጦርነቱ በኋላ፣ ጌታሁን በሌለበት፣ በገዛ እጁ ሞተ። ያማረረው እንቅልፍ ማጣቱን ብቻ ነበር። እኔ ከአራቱ ጋር እቆጥረዋለሁ።

እንቅልፍ አጣሁ ያለህ ሰው ካለ፣ ምክሩን ለጊዜው ተወው። ደውልና ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ጠይቀው። መልሱ ካስፈራህ፣ ተነስና ሐኪም ጋ ውሰደው።