ኪስ ያለው ጋውን

ታቢታ ስትናደድ አትጮህም፤ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። መሃል ከተማ ያለችው ጠባብ የልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ ስንት ጊዜ ተቀምጬ አውግቻለሁ፤ መቀሱ ቁጭ ሲል ያየሁት ግን ከስንት አንዴ ነው። አንዱ በትንሿ ሄራን ምክንያት ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችንን የሕፃናት ኳየር ጋውን በነጻ የምትሰፋው ታቢታ ናት። የዚያን ቀን የሄራን እናት ካሰች ልጇን ይዛ መጣችና፣ “ለወጣቶቹ ኳየር ጋውን ለኪያት” አለቻት። ሄራን ስምንት ዓመት አልሞላትም። ግን በአንድ ጊዜ ተመዘዘች፤ ሰውነቷም ያለጊዜው የኮረዳ መሆን ጀመረ። ልጆቹ “እትዬ” እያሉ ሲያሾፉባት መዝሙሩን ልትተወው ደርሳለች። የኳየሩ መሪ አሸናፊ ደግሞ ቁመቷን አይቶ ወደ ወጣቶቹ አሳለፋት፤ ሹመት የሰጣት መስሎታል። እኛ ሰዎች ልጅ ሲረዝም ያደገ ይመስለናል፤ ይሄ ነገራችን ያናድደኛል።

“ሐኪም አይቷታል?” አለች ታቢታ።

“ምን ሐኪም ያስፈልገዋል? የፈረንጅ ዶሮ መብላቷ ነው ያመጣው፤ አስቁሜያታለሁ። ሰው እንዳያያትም ከትምህርት ቤት መልስ ከቤት አላስወጣትም።”

“ቤት ምን ትሠሪያለሽ የኔ ቆንጆ?”

“ስልክ አያለሁ፣ ብስኩት በለስላሳ እበላለሁ” አለች ሄራን።

መቀሱ ቁጭ አለ። ታቢታ ሱቋን ዘግታ እናትና ልጅን ክሊኒክ ወሰደቻቸው።

ዶክተሯ ዶሮውን ጥፋተኛ አላደረገችም። ክብደት መጨመር፣ ጣፋጭ ማብዛትና አለመንቀሳቀስ አስተዋጽኦ ሊኖራቸው እንደሚችል፣ አንዳንድ ቅባቶች ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችም እንደሚጠረጠሩ፣ በዘር የሚመጣም እንዳለ አስረዳቻቸው። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ይሄ ነው ተብሎ አይገኝም አለች። የኮረዳነት ለውጥ ከስምንት ዓመት ዕድሜ በፊት ሲጀምር መመርመር ስላለበት ክትትል ጀመረችላት። ካሰች ስታለቅስ፣ “ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ልጅሽ ገና ልጅ ናት፤ ከልጆች ጋር ትጫወት” አለቻት ዶክተሯ።

ታቢታ ይህን ቃል ይዛ አሸናፊ ዘንድ ሄደች። ሄራን ከሕፃናቱ ጋር ትቁም አለችው።

“ረድፉን ታበላሽብኛለች።”

“ይበላሽ።”

ከዚያ የሕፃናቱን ጋውን ሁሉ ሰብስባ፣ የማንም ሰውነት ተለይቶ እንዳይታይ ከትከሻው ጀምሮ ሰፊ አድርጋ እንደ አዲስ ሰፋችው። ለእያንዳንዱም ኪስ አበጀችለት። አሸናፊ፣ “ጋውን ደግሞ ኪስ አለው እንዴ?” ሲላት፣ “የልጅ ልብስ ነው” ብላ ዘጋችው። ማታ ማታ ዓሣ ልትገዛ ሐይቁ ጋ ወዳለው ገበያ ወደ አሞራ ገደል ስትወርድ ሄራንን አስከትላ ነው፤ ልጅቷ ሐይቁ ዳር እስኪበቃት ትሮጣለች። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቴ በመሆኑ እኮራለሁ።

እሑድ ሄራን ከኋላ ረድፍ ከሁሉም በላይ ብቅ ብላ ዘመረች። በመዝሙሩ መሃል ለማሸብሸብ ጎንበስ ስትል የሰኞ ማክሰኞ መጫወቻ ድንጋይዋ ከኪሷ ወድቆ እስከ መድረኩ ጫፍ ተንከባለለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሄራን ግን ረድፉን ጥላ ሄደችና ድንጋይዋን አንስታ፣ በጋውኗ ጠርጋ ኪሷ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

ታቢታን ዞር ብዬ ባያት ታለቅሳለች።

“አየሃት?” አለችኝ። “ገና ስምንት አልሞላትም እኮ።”