ውሃው ሲመጣ ምን ይደረጋል

ደሳለኝና ሰዲቅ በራችን ላይ አብረው ሲቆሙ እኔ ማሾ እየለቀምኩ ነበር። ደሳለኝ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ቢሮ ስለሚሠራ ቤታችን መምጣቱ አዲስ አይደለም። ሰዲቅ ግን የመስኖው ቦይ ጠባቂ ነው፤ ክረምት ሲቃረብ ቦታውን ትቶ ወደ ከተማ አይወጣም። ሁለቱን አንድ ላይ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ባለቤቴ ሙዐዊያ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ከገባ ሰንብቶ ነበር።

«እትዬ ሙሚና፣ ይነሡ፤ እያመጧቸው ነው» አለኝ ደሳለኝ።

ሰዲቅ «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ። እኔ የተለቀመውንና ያልተለቀመውን ማሾ አንድ ላይ ቀላቅዬ አነሣሁት።

ሙዐዊያ የአሊዩ አምባ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ወታደር ቤት ገባ፤ እጅ ጽሑፉ ስለሚያምር የክፍሉ ጸሐፊ አደረጉት። አለቃው ሰላምታ የበዛበትን ወረቀት ሳያነብ ይመልስለት ነበር። «ትእዛዝ የሚያነብ ሰው ቆሞ ነው የሚያነበው» ይለው ነበር አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ነገር፣ ቀጥሎ ማን እንደሚሠራው፣ ከዚያ ቦታው፤ ምክንያቱ ግን መጨረሻ ላይ። ለአንድ ጉዳይ አንድ አንቀጽ፣ ከአንቀጹ በላይ ደግሞ ርእስ።

ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ሸዋ ሮቢት መንግሥት ቢሮ መመሪያ ጸሐፊ ሆኖ ሲቀጠርም ይህንኑ ይዞ መጣ። የቢሮው ልጆች ይቀልዱበት ነበር።

«ጋሼ ሙዐዊያ፣ የከበረ ሰላምታችንን የት አደረሱት?»

«ሥራው ሲያልቅ እንሳለማለን።»

ቤትም አመሉ ያው ነበር። ፀሐይ በረድ ሲል አልጋችንን ደጅ አውጥተን እንቀመጣለን። «ሙሚና፣ ሦስት ነገር አለኝ» ብሎ ይጀምራል። «ርእሱን ንገረኝና ዝርዝሩን ተወው» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ግን ሦስቱንም ሳይነግረኝ አይተኛም።

አንድ መመሪያ ጽፎ ማኅተም ከመመታቱ በፊት ሥራውን ለሚሠራው ሰው ወስዶ ጮክ ብሎ ያነብለት ነበር። ለሹፌሮች የሚሆነውን ጀውሃ ምግብ ቤት ገብቶ ለሹፌሮች፣ ለገበሬ የሚሆነውን ማሳው ላይ። በየርእሱ ቆም ብሎ «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ይላል። ሰውየው ሌላ ነገር ከመለሰ አልገባህም አይለውም፤ የራሱን ዓረፍተ ነገር ይሰርዛል። ሰሚ ያጣ ቀን ተራው የእኔ ነው። ሽንኩርት እየላጥኩ ስንቱን መመሪያ ሰምቻለሁ።

አምና ክረምት ጎርፍ መጣ። እኛ ዘንድ ጎርፍ የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ፣ አንኮበር ነው። ሰዲቅ ዘንድ የነበረው የጎርፍ መመሪያ ወረቀት ጠባቂው ለቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሊቀመንበሩ ለወረዳ እያለ በሹመት ተራ የሚወርድ ነበር፤ ገበሬው መጨረሻ ላይ ነው የሚነገረው። ሰዲቅም እንደ ታዘዘው ባጃጅ ይዞ ሊቀመንበሩን ፍለጋ ሄደ። ሊቀመንበሩ ለቅሶ ቤት ነበሩ። እስኪያገኛቸው ውሃው የጎረቤቱን የሙሀባን ሽንኩርት ከነችግኙ ጠርጎ፣ ፍየሎቿን ወስዶ አለፈ። እሷን ዛፍ ላይ ወጥታ አገኟት።

ሰዉ ሁሉ ሰዲቅን ሲሰድብ ሙዐዊያ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። ማታ እቤት ሲገባ «ልጁ ወረቀቱን አልጣሰም፤ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው» አለኝ። ወዲያው እንደገና ሊጽፈው ፈቃድ ጠየቀ። የመጀመሪያውን ርእስ «ውሃው ሲመጣ ምን ይደረጋል» አለው። ከሥሩ፦ የቦዩን በር ዝጋ። ከታች ላሉት ጩህ። ከዚያ ስልክ ደውል።

ሲያነብለት ሰዲቅ ግራ ገባው። «ለሊቀመንበሩስ?»

«ልብስህ ሲደርቅ ትነግራቸዋለህ።»

«ቢቆጡኝስ?»

«ሙዐዊያ ነው ያዘዘኝ በላቸው። እስከዚያ ሙሀባ ፍየሎቿን ታወጣለች።»

ሁለተኛው ርእስ ማን ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን እንደሚያወጣ ነው፤ እሱንም ጨረሰ። ያስቸገረው ሦስተኛው ነው። ከወንዙ ማዶ ላሉት ጩኸት አይደርሳቸውም፤ ዝናብ ሲጥል ኔትወርክ ይጠፋል፤ መብራት ከሌለ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም አይሠራም። እነሱ እርስ በርስ በምን እንደሚጠራሩ ወርዶ ሊጠይቃቸው አስቦ ሳለ ታመመ። ሆስፒታል ሆኖ በስልክ ሲያወራኝም የሚያነሣው ይህንኑ ሦስተኛውን ርእስ ነበር። ስለ ሕመሙ ስጠይቀው «እሱ ሌላ ርእስ ነው» አለኝ።

ሙዐዊያን ከቀበርነው ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል። አልጋዋን እኔ ብቻዬን ደጅ አላወጣትም፤ ትከብደኛለች።

ትናንት ደሳለኝ መጥቶ ነበር። ሁለቱ ክፍሎች ማኅተም ተመትተው ቦዩ በር ላይ ተለጥፈዋል። «ሦስተኛውን እኔ ልሞክረው ብዬ ነበር፤ ግን ቢሮ ቁጭ ብዬ ልፈጥረው አልችልም» አለኝ። ልክ ነው አልኩት። ሰዲቅም ቦታውን ለቆ መሻገር አይችልም፤ ከላይ ተራራው መጥቆር ጀምሯል።

ከወንዙ ማዶ ላሉት እንዴት እንደሚነገር ርእሱ ብቻ ተጽፏል። ማዶ ተሻግሮ የጠየቃቸው ሰው እስካሁን የለም።