የወንድሜ ብረት

ሴት ልጅ ብረት ካነሳች ማህፀኗ ይወርዳል ይሉ ነበር። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። እኔ አራት ልጅ ወልጃለሁ፣ አራቱንም አጥብቻለሁ፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት አነሳለሁ። ማህፀኔም ያለው እግዜር ያስቀመጠው ቦታ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ደግሞ ብኮራስ ማን ይከለክለኛል? ልናገር የተነሳሁት ግን ይህን የብረት ፍቅር ስለጀመርኩበት ቤትና እናቴን ስላደረግኳት ነገር ነው።

ያደግነው ደብረ ብርሃን ነው፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። ወንድሜ የሚያድረው ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው የጓሮ ክፍል ነበር። ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ በመሀላቸው የውሃ ቱቦ ሰክቶ ብረት ሠርቷል። ጎህ ሲቀድ ያነሳል። ሲያወርደው መሬቱ ድም ይላል፤ እናቴም አልጋዋ ላይ ሆና "ተነሳልኝ" ትላለች። ሰዓት አልነበረንም፤ የምንነቃው በዚያ ድምፅ ነበር።

በዚያ ክፉ ዘመን፣ ልጅ ሁሉ ከየቤቱ ሲለቀም፣ እሱንም መጥተው ወሰዱት። "ቃል ሰጥቶ ይመለሳል" አሉ። ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ ሄደ። አልተመለሰም። ስንቅ ይዘን ብንሄድ "እዚህ የለም" ብለው መለሱን። ሬሳም አልሰጡንም፣ የት እንዳደረሱት የነገረንም የለም። ዓመት ካለፈ በኋላ ከአሊዩ አምባ በርበሬ ይዞ የሚመጣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ "ወላሂ፣ እሱን የመሰለ ልጅ በአንኮበር ቁልቁል ሲወርድ አይቻለሁ" አላት። ሰውዬው ለደግ ብሎ ነው። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሞት የሚያወራ ሰው ደጃፏን እንዲረግጥ አልፈቀደችም። ልጄ ሸሽቷል፣ ይመጣል፣ አለች፤ የጓሮውን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው።

እኔ ማትሪክ ወድቄ ቤት ተቀምጫለሁ። ሱፍ እፈትላለሁ፣ እናደዳለሁ። ሰው ሁሉ የማልችለውን ነገር ሲነግረኝ ይውላል። ወንድሜ በተወሰደ በሦስተኛው ክረምት የጓሮው ክፍል ጣራ አፈሰሰና እናቴ ቁልፉን ሰጥታኝ ደብተሮቹን እንዳወጣ ላከችኝ። እሷ ራሷ መግባት አልሆነላትም። ደብተሮቹ ያሉት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ብረቱ ሣጥኑን ተደግፎ ቆሟል። በእግሬ ልገፋው ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብዬ ቱቦውን ያዝኩና ሳብኩት።

ከመሬት ሲላቀቅ ከእግር ጥፍሬ እስከ ማጅራቴ አንድ ነገር ተሳበ። ጉልበቴ ላይ አድርሼ ጣልኩት። መልሼ አነሳሁት። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ነገር ግን በሕይወቴ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደብተሮቹን ረስቼ ወጣሁና እናቴ ስትጮህብኝ ተመለስኩ።

ቁልፉን መለስኩላት። የበሩ እንጨት ግን በዝናብ በስብሶ ስለነበር ገፋ ሲያደርጉት ይከፈት ጀመር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ገና ሰማዩ ሲገረጣ፣ "እማዬ፣ ኪዳን ላደርስ ነው" እላታለሁ። እሷ ቁርጥማት ስለያዛት ቤተ ክርስቲያን በማለዳ መሄድ ትታለች። "ለወንድምሽም ጸልዪለት" ትለኛለች። ነጠላዬን አጣፍቼ በፊት በር እወጣለሁ፣ በአጥሩ ዞሬ በጓሮ እገባለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር የምዋሸው። እሷማ ልጄ የእግዚአብሔር ሰው ሆነች ብላ ለጎረቤት ታወራ ነበር።

በቱቦው ላይ እሱ ይይዝበት የነበረው ቦታ ዝገት የለበትም፤ እጄ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ሰሞን እፈራ ነበር። ከጀርባዬ ቆሞ "ወገብሽን አቅኚ" የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ዞር ብዬ አያለሁ፤ ማንም የለም። ወገቤን አቀናለሁ። እየቆየ ፍርሃቱንም ለመድኩት መሰለኝ፣ ያለሱ ማንሳት አልችልም ነበር። በአንድ ወር ደረቴ ላይ አደረስኩት፤ መስቀል ሲያልፍ ከራሴ በላይ ወጣ።

አንድ ጠዋት በሩ ሥር በማር የተለወሰ በሶ በሳህን ተቀምጦ አገኘሁ። ደክሞኛል፣ ርቦኛል። እናቴ ለድመት ወይም ለለማኝ ያስቀመጠችው ይሆናል ብዬ በላሁት። በሳምንቱ ሌላ ሳህን መጣ። እሱንም በላሁ። እናቴ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሌላ ሰው ሆነች። ምግብ ትበላለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ከእኔ ጋር ትቀልዳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥርሷን አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ጅሏ፣ ጸሎቴ የሰመረ መስሏት ነው እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ብረቱን ደረቴ ላይ እንደያዝኩ ከበሩ ውጪ የእግር ኮቴ ሰማሁ። እናቴ ናት፣ በሩን ልትገፋው ነው አልኩ። አልገፋችውም። አፏን ወደ ስንጥቁ አስጠግታ፣ በሹክሹክታ፣ "የኔ ጌታ" አለች። "አውቄሃለሁ፣ አትናገር። እህትህ እንኳ እንዳታውቅ። አሁን ኪዳን ሄዳለች። ብላልኝ ብቻ፤ ባዶ ሳህን ሳይ ይበቃኛል።"

ብረቱ ገና ደረቴ ላይ ነው። ባወርደው ድም ይላል፤ ባልናገር እዋሻለሁ፤ ብናገር እገድላታለሁ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ እስክትሄድ ያዝኩት። ከሄደች በኋላ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለምን ገፍታ አላየችም እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ብታየው የሚጠፋባት መስሏት ይሆናል።

በማግስቱ መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። ብተው እናቴ ተመልሳ ወደ ጨለማዋ ትገባለች እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነት ነው፣ ትገባ ነበር። ሌላው እውነት ግን ሰውነቴ እምቢ ማለቱ ነው። ሁለት ቀን ሳላነሳ ከዋልኩ እጄን የማስቀምጥበት አጣለሁ፣ ከሰው እጣላለሁ። እናም በወንድሜ ስም አነሳሁ፣ በወንድሜ ስም በሶ በላሁ። ክብደቱ ሲወርድ የሚሰማው ድም ማለት ዋናው ቤት ውስጥ ለተኛች አንዲት ሴት ምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ሆን ብዬ ከፍ አድርጌ የጣልኩበትም ቀን አለ።

ያጋለጠን ሹራብ ነው። እናቴ ጎረቤታችንን የወንድ ሹራብ እንድትሠራላት ጠየቀቻት። "ለማን?" ስትላት "ለሰው" አለቻት። ወንድ በሌለበት ቤት እንዲህ ያለ መልስ የት ይደበቃል? ወሬው ቀበሌ ገባ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው መጡ። "ሰው ደብቃችኋል" አሉ።

እናቴ ያን የታመመ እግሯን ምን እንዳበረታው አላውቅም፤ ቀድማቸው ጓሮ ደርሳ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። "ልጄን ሁለቴ አትወስዱትም" አለች። "ፊት እኔን ግደሉኝ።"

ገፍተር አድርገዋት ገቡ። ባዶ ክፍል፣ ባዶ አልጋ፣ መሀል ወለሉ ላይ ብረቱ። አለቃቸው ቱቦውን በእጁ ዳበሰና ጣቱን አየው። አቧራ የለበትም። "ይህን የሚያነሳው ማነው? የት ሸሸ?" አላት። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። ደስ ብሏታል ብል ማን ያምነኛል? አመለጠ ብላ ነው። "እሺ፣ ቀበሌ ሄደሽ ትናገሪያለሽ" ብሎ ክንዷን ያዘ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሦስቱም ሳቁ። አለቃቸው የእናቴን ክንድ ሳይለቅ፣ "በይ አንሺው እናያለን" አለኝ። እናቴን አየኋት። አታንሺ የሚል ዓይን ነበር። ባላነሳ ይወስዷታል፤ ወንድሜም ሄዶ የቀረው እንዲሁ ተይዞ ነው። ቀሚሴን ወገቤ ላይ አጠበቅሁና ጎንበስ አልኩ። አነሳሁት። ደረቴ ላይ ደረሰ፣ ከራሴ በላይ ወጣ፣ ክንዴ ቀጥ አለ። አወረድኩት፣ ደግሜ አነሳሁት። ማንም አይስቅም። አንዱ፣ "ይቺንስ ለግንባር ነበር" አለ። የእናቴን ክንድ ለቀቁ፣ አልጋውን ገልብጠው አዩና ሄዱ።

ብረቱን አስቀመጥኩ፤ ድም አለ። እናቴ ድምፁን ሰማችው፤ ዓይኗን ከክንዴ ላይ አላነሳችም።

"በሶውንስ?" አለች።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

አልመታችኝም፣ አልሰደበችኝም። ገብታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያፈነችውን ጩኸት ለቀቀችው። ጎረቤት ተሯሩጦ መጣ። ማን ሞተ ሲሏት "ልጄ ዛሬ ሞተብኝ" አለች። ሰው ሁሉ መቼ እንደተወሰደ ያውቃል፤ ዛሬ አይደለም ያላት ግን አልነበረም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ከበቧት። ሹራብ ያዘዘቻት ጎረቤታችንም ከሁሉ በላይ አለቀሰች።

እኔንም "እግዜር ያጽናሽ" ይሉኝ ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ ለነፍስ አባቴ ኪዳን ብዬ የዋሸሁትን ነገርኩ፤ የበላሁትንም ነገርኩ። ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ፣ አልደከመኝም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም፤ ማንሳቴንም አልከለከለችኝም። ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩት አንድ ነገር ግን አለ። ያን ቅዳሜ ብረቱ ከራሴ በላይ ሲወጣ፣ ፊት ለፊቴ እናቴ ልጇ ሲሞትባት እያየሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።