ፍየሏ አንገት ላይ የተገኘው የእርቅ ቃጭል

ጎረቤቴ ኮልማን ሲያገባ የሚስቱ አክስት የናስ ቃጭል ሰጥተውት ነበር። በእኛ በአየርላንድ ገጠር እንዲህ ያለ ቃጭል የሠርግ ስጦታ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ እርቅ የፈለገው ያቃጭለዋል፤ ያን ጊዜ ጥሉ ያበቃል፣ ማን አጠፋ ተብሎም አይጠየቅም።

ኮልማን ግን አንዲት ፍየሉ እየጠፋች ስላስቸገረችው፣ ለጊዜው ብሎ ቃጭሉን አንገቷ ላይ አሰረና ረሳው።

አንድ እሑድ በእንግዶች ፊት በሚስቱ በደርቭላ ዳቦ ቀለደ። እሷም አኮረፈችው። በማግስቱ ጠዋት ግን ልትታረቀው ብላ እጇን ቃጭሉ ወደሚቀመጥበት መደርደሪያ ሰደደች። ቃጭሉ የለም።

«ኮልማን፣ ቃጭላችን የት ገባ?»

ቃጭሉ ከሜዳው አቃጨለ።

«ፍየል ላይ? የሠርጋችንን ቃጭል?»

«ለጊዜው ብዬ እኮ ነው፣ ደርቭላዬ...»

«በል እንግዲህ፣ ከፍየሏ ጋር ታረቅ!»

ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። በዝናብ ወጥቶ ፍየሏን ሊይዝ ሲያባርር ቃጭሉ መንደሩን አዳረሰው። እኔም ከአጥሩ ማዶ፣ «ኮልማን፣ ዛሬ ስንቴ ታረቃችሁ?» አልኩት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን አፈርኩ።

ፍየሏን ይዞ ቃጭሉን ፈታ፤ ጭቃውን በሸሚዙ ጠረገ። በሩ አልተዘጋም ነበር፣ እሱ ግን ለመግባት አልደፈረም። ደጃፉ ላይ አቀርቅሮ ቆሞ አንዴ አቃጨለ። ደርቭላ ወጥታ ቃጭሉን ተቀበለችው።

«ፍየል ፍየል ይሸታል» አለችው።

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አላት፣ አሁንም እንዳቀረቀረ።

«አውቃለሁ፤ ይልቅ ግባ፣ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ።»