በበሩ መሀል የነበረው ባሕር

በቀደም ደሴ ውስጥ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንዲት ሴትዮ የበርበሬ ጆንያ ከጋሪ አስወርደው ልክ ከጎኔ አስቀመጡ፤ የቤንዚኑና የበርበሬው ሽታ በነፋሱ ተያይዘው አፍንጫዬ ላይ ሲደርሱ አስነጠሰኝ፣ ወዲያውም ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ ገረመም አድርገውኝ «ይማርሽ። ምን ያስቅሻል?» አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ለሌላው ሰው ቤንዚን ቤንዚን ነው፣ በርበሬም በርበሬ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ለእኔ የአባቴ መኪና ናቸው፤ መካነ ሰላም፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ ጅዳ ለመሄድ ስትዘጋጅ የኖረችው ዳማ።

ዳማ ያላት አባባ ነው። ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ቡኒ ነበር፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ በሯ ሁለት ብቻ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ሞተሯ ባለ ስምንት ሲሊንደር የሆነ የድሮ የአሜሪካ መኪና ነበረች፤ ስትነሳ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ይጮህ ነበር። አባባ የጭነት መኪና ሹፌር በነበረበት ዘመን ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ አገኛት፤ መንግሥት ሲለወጥ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ጥሏት ሄዶ፣ ዶሮዎች ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። እሱም ከጋራዡ ባለቤት ጋር ተስማምቶ፣ እማዬ ከአባቷ የወረሰቻትን ሰጋር በቅሎ ሰጥቶ ወሰዳት።

እማዬ ይህን አልረሳችለትም። መኪናዋ አልነሳም ባለች ቁጥር ደጃፍ ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታንጎራጉር ነበር፦

«የሰው ዳማ ሣሯን ግጣ ታድራለች፣
የኛ ዳማ ጠጥታ ሜዳ ትቀራለች።»

አባባ ከኮፈኑ ሥር ሆኖ «በቅሎሽ ባሕር ትሻገር ነበር እንዴ?» ሲላት፣ «አንተስ መቼ ተሻገርክ!» ትለው ነበር።

የባሕሩ ነገር የመጣው በታላቅ እህቴ በሐዋ ነው። ሐዋ ለሥራ ወደ ጅዳ ስትሄድ እኔ ገና ፊደል የቆጠርኩ ልጅ ነበርኩ። አባባ እስከ ደሴ በዳማ ሊሸኛት ተዘጋጅቶ፣ መኪናዋን ቀኑን ሙሉ ሲያጥብ ሲወለውል ውሎ፣ በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ቢያዞረው ዳማ አንድ ጊዜ ሳል አደረጋትና ዝም አለች። ሐዋ በአውቶቡስ ሄደች። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አባባ በመስኮቱ በኩል እጇን ይዞ፣ «አብሽሪ ልጄ፤ ዛሬ ባልሸኝሽም፣ መጥቼ በዚችው መኪና የማመጣሽ እኔ ነኝ። ወላሂ!» አላት። እሷም እያለቀሰች ሳቀች። የሰፈሩ ሰው ነገሩን የመለያያ ቃል አድርጎ ተወው፤ አባባ ግን ወላሂ ብሎ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረምና፣ ቤት እንደተመለሰ ኮቱን አውልቆ ኮፈኑን ከፈተ።

በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ዳማ ከግቢ አትወጣም ነበር። እኛ ግን እንጓዝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ሦስታችን ከሸራው ሥር ሾልከን እንገባና፣ አባባ መሪውን ይዞ፣ እማዬና እኔ ከኋላ ተቀምጠን በሩን እንዘጋለን። ከፊት በስተቀኝ ያለው ወንበር የሐዋ ነበር፤ ሰውም ዕቃም አይቀመጥበትም። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድበው ዓይኔን ጨፍኜ የምንበር ይመስለኝ ነበር። አባባ ማርሹን እየለወጠ «አቀስታ ደረስን፣ ልበሱ» ሲል እማዬ ነጠላዋን ትከናነባለች፤ «የጉጉፍቱ ዳገት ነው» ሲል ሁላችንም ወደፊት ጎንበስ እንላለን፤ ሚሌ በረሃ ስንገባ እማዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ የዝናብ ፍንጣሪ ታስገባና «ውይ፣ ይህ ሙቀት!» እያለች ከጉያዋ ቆሎ ታወጣለች። በቅሎዋን ረስታ አልነበረም፤ ቆሎ የሚጥመው በመንገድ ላይ ነው ትል ነበር።

አባባ እስከ ጅቡቲ ያለውን መንገድ በሹፌርነቱ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ድርሻ ሆነ፤ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ያየሁት እኔ ነበርኩና። ባገኘሁት ወረቀት ሁሉ ብሞክር መንገዱ አልበቃ አለ። በመጨረሻ አባባ የግቢውን በር አሳየኝ። በራችን ባለ ሁለት ተካፋች ቆርቆሮ ነበር። በግራው ተካፋች ውስጠኛ ፊት የእኛን አገር በጠመኔ ሳልኩ፤ መካነ ሰላምን ከማጠፊያው አጠገብ ጀምሬ፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ሚሌን እያስከተልኩ ጅቡቲን ጠርዙ ላይ አደረስኳት። በቀኙ ተካፋች ላይ ዓረብ አገርን ሳልኩ። ቀይ ባሕር በሁለቱ መሀል ያለው ክፍተት ሆነ።

አባባ ሥራዬን አይቶ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና በጣቱ ስንጥቁን እየለካ፣ «አያችሁ? ይህችን ታህል ናት እኮ፣ ዝም ብሎ ነው ሰው የሚፈራት» አለ።

ጎረቤታችን እማማ አስካል ገበያ ሊሄዱ በዚያ ሲያልፉ ጭንቅላታቸውን አስገብተው አዩና፣ «ሙሴስ በበትር ነው የከፈለው፤ እናንተ በመቀርቀሪያ!» ብለው እያማተቡ ሄዱ።

ጠመኔው ግን ዝናቡን አልቻለም። ጠዋት ስነሳ ጅዳ ታጥባ ጠፍታ፣ ኩዌት ተንጠባጥባ የመን ላይ ወርዳ አገኝ ነበር። መስከረም ሲጠባ አባባ ነጭ የዘይት ቀለም ገዝቶልኝ ካርታው ጸና፤ እኔም ቆርቆሮው ሸንተረር ሸንተረር ስለሆነ አረቢያን በሙሉ ተራራ አገር አድርጌ ሠራኋት። ጥቅምትና ኅዳር ካንዴላ በመቀየር፣ ራዲያተር በማስበየድ፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ በሽቦ በማሰር አለፈ። አንድ ቅዳሜ አባባ ዳማን ለሙከራ በወግዲ መንገድ ይዟት ሲወጣ አብሬው ነበርኩ፤ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ገበሬ መንገደኞች ይስቁባታል ብዬ ሳፍር እነሱ ግን ገፍተው አስነሷት፣ የጎማዋንም ዱካ እያዩ «እንዲህ ያለ ፈረስ ጉልበት አለው» ተባባሉ፤ እሷም በራሷ እግር ተመለሰች። የሰፈሩ ሰውም ሆዷ እንዳይጫር ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ድንጋይ በደቦ ለቀመላት።

በጥር መጨረሻ ላይ አባባ ዝግጅቱ ያለቀ መሰለውና አንድ ስሕተት ሠራ፤ ለቅሬው ተናገረ። ቅሬ የሰፈራችን ሰው፣ ክርስቲያን እስላም ሳይል፣ በሐዘንም በደስታም የሚረዳዳበት ማኅበር ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ሰው ለሩቅ መንገድ ሳይመረቅ አይነሳም። የቅሬው ዳኛ ሼህ ይመር ሽማግሌዎቹን አስከትለው ግቢያችን መጡና፣ መዳፋቸውን ዘርግተው በዳማ ፊት ቆሙ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፤ ጎማህን ከእሾህ፣ ሞተርህን ከንዳድ ይጠብቅልህ፤ ሄደህ የምትደርስ፣ ደርሰህ የምትመለስ ያድርግህ» አሉ፤ እኛም «አሚን!» አልን፣ እማማ አስካልም «አሜን!»

ተመረቅን ማለት ልንሄድ ነው ማለት ነበር። በማግስቱ እማማ አስካል በርበሬ በጆንያ አሸክመው መጡ።

«ለሙልዬ ናት፤ ቤይሩት።»

«እማማ አስካል፣ እኛ የምንሄደው እኮ ጅዳ ነው» አለ አባባ።

«እና? ጅዳ ድረስ ሄዶ ልጄን ሳያይ የሚመለስ ጎረቤት ነው ያለኝ?»

አባባ ወደኔ ዞሮ በዓይኑ በሩን አሳየኝ። ብሩሼን አንስቼ መንገዱን ከጅዳ ወደ ላይ፣ እስከ ማጠፊያው ድረስ ቀጠልኩት። ከእሳቸው በኋላ ሪያድ ልጅ ያለችው መጣች፣ ከዚያ ኩዌት፣ ከዚያ ዱባይ፤ እኔም እናት በመጣች ቁጥር መንገዱን ሳዞር፣ አረቢያ እንደ ሹሩባ በመስመር ተሞላች። በእኛ አገር አደራ እምቢ አይባልም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ በጣሳ የታሸገው ቅቤ መጀመሪያ የኋላውን ኮፈን ሞላ፣ ከዚያ የእኔን ቦታ፣ ከዚያ የእማዬን።

«እንድሪስ፣ እኔ የት ልቀመጥ ነው?» አለች እማዬ።

«ጠጋ ጠጋ ብለሽ…»

«ሽሮው ላይ?»

አንድ አዛውንት ለልጃቸው ያመጡትን የማር ጣሳ ባዶ በቀረው በሐዋ ወንበር ላይ ሊያኖሩት ሲሉ ግን አባባ ፈጠን ብሎ ተቀበላቸው። «እዚያ አይሆንም አባቴ፤ እሱ ወንበር ሰው አለው» አለና ጣሳውን ከእግሩ ሥር አስቀመጠው።

በዚያው ሳምንት ሰይድ የሚባል የድሮ የሹፌርነት ጓደኛው ከወረኢሉ ሊሰናበተው መጣ። ዳማን ዞሮ ዞሮ አደነቀና፣ «ሊብሬዋ በማን ስም ነው?» አለ። አባባ የኮፈኑን ጫፍ በእጅጌው ይወለውል ጀመር። በፈረንጁ ስም ነበር። ሰይድ ሳቁን እየዋጠ፣ «ድንበር ላይ ፈረንጁ የታል ሲሉህ በርበሬው ውስጥ ነው ልትል ነው?» አለው። እማዬ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ አባባ ግን አልሳቀም። ተመርቋል፣ አደራ ተቀብሏል፣ ለልጁ ምሏል፤ መኪናዋ ደግሞ ድንበር አታልፍም። ከዚያ በኋላ ለቀናት በርበሬው መሀል ተቀምጦ መሪውን ይዞ ማርሹን ሳይነካ ይውል ነበር፤ እማዬ እንኳ ግጥሟን ተወች።

ያወጣን የሐዋ ስልክ ነው። አባባ ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎት ነበር።

«አባባ! ምንድን ነው የምሰማው? ዓረብ አገር ያለ የመካነ ሰላም ልጅ ሁሉ ‹አባትሽ የት ደረሱ› እያለ ይደውልልኛል። ኩዌት ያለችዋ ቅቤው እንዳይቀልጥ ጥላ ሥር ያቁሙልኝ አለች!»

«ልጄ፣ መንገዱ ላይ ትንሽ…» ብሎ ጀመረ አባባ።

«ቆይ፣ ስማኝ። ለማዳሜ ‹አባቴ ሊወስደኝ በመኪና መንገድ ላይ ነው› ብላት ደንግጣ ፈቃድ ሰጠችኝ። እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን እመጣለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን በአውቶቡስ አልሄድም፤ ምለሃል።»

አባባ ፊቱን በግራሶ ጨርቁ ጠረገውና ጥቁር በጥቁር ሆኖ ቀረ።

የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር፣ አደራውን ሳሎን አራግፈን ተነሳን። በርበሬው ቢወርድም ሽታው አልወረደም ነበርና እስከ ኮምቦልቻ ድረስ እያስነጠስን ሄድን። ሐዋ ገና በሩን ከፍታ ከወንበሯ ስትቀመጥ አስነጠሳትና «ይህች መኪና ወጥ ትሠራለች እንዴ?» አለች፤ አባባ በሳቅ ቁልፉን ማዞር አቃተው።

ስንመለስ ጉጉፍቱ ዳገት ላይ ሞተሯ ጋለ። አባባ ኮፈኑን ከፍቶ በእንፋሎት ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ አውቶቡስ አጠገባችን ቆመና ሹፌሩ በመስኮት «አያ፣ ልጆቹን ልውሰድልህ? ብርድ ነው» አለ። አባባ ቀና ብሎ አላየንም። ጨርቁን በእጁ ያገላብጠው ጀመር። ሐዋ ቀጭን የዓረብ አገር ጫማዋን ተጫምታ እየተንቀጠቀጠች፣ ከወንበሯ ሳትነሳ በመስኮቱ ብቅ አለችና፣ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፤ እኔ ሹፌር አለኝ» አለችው።

ሰፈራችን ስንደርስ የዳማን ድምፅ ሰምተው ሰው ሁሉ ወጥቷል። እማማ አስካል የእኛን አገር፣ ሼህ ይመር ዓረብ አገርን ይዘው በሩን ወዲያና ወዲህ ሳቡት፤ ባሕሩ ተከፈለ፣ ዳማም በመሀሉ እየጮኸች ገባች። አባባ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ሐዋ ዞረና፣ «ባሕሩን አንቺ ተሻገርሽልኝ፤ የየብሱን እኔ ጨረስኩ» አላት። እማዬ ወረደች፣ በፊት ለፊት ዞራ የጋለውን ኮፈን እንደ አንገት ቸብ ቸብ አደረገችና፣ «ዛሬስ በቅሎዬን መሰለች» አለች።

አደራውም አልቀረም፤ ግማሹን ሐዋ ፈቃዷ አልቆ ስትመለስ ወሰደችው፣ ሌላውን ከእሷ በኋላ የሄዱት እየተቀባበሉ አደረሱት፤ የቤይሩቷ በርበሬ ብቻ ከሁሉም ዘግይታ ደረሰች። ዛሬ ሐዋ ጠቅልላ ገብታ ልጆች ወልዳለች፤ ልጆቿ በዳማ ውስጥ ተቀምጠው ማርሽ ይለውጣሉ፣ በፊተኛው ወንበር ይጣላሉ፣ ማንም አይከለክላቸውም። እኔ ደግሞ ደሴ ቤት ተከራይቼ ግጥም እጽፋለሁ፣ አንድ ቦታ መቀመጥም አይሆንልኝም። ያን ዕለት የሴትዮዋን በርበሬ ካሸተትኩ በኋላ ታክሲው ውስጥ ሆኜ፣ ከመካነ ሰላም ጅዳ በመኪና እንዴት ይኬዳል ብዬ ስልኬን ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና መንገድ አላገኘሁም አለኝ። እኛ ቤት ግን ያ መንገድ ጠዋት ጠዋት ይከፈት፣ ማታ ማታ በመቀርቀሪያ ይዘጋ ነበር።